ረገዳ የማያውቅ ኦርጋን

ኦርጋኑ እጄ የገባው በስህተት ነው። የእኔ ስህተት አይደለም፤ የእኔው ኋላ ይመጣል፣ አትቸኩሉ። ይሄኛው የቀበሌያችን ሊቀ መንበር የጓድ ደግፌ ነው።

በ1980 ዓ.ም. ጥር ላይ አምቦ ለሚገኘው ለቀበሌያችን የኪነት ቡድን ከአውራጃው አንድ የጃፓን ኦርጋን ተላከለት። ኦርጋን ስላችሁ ግድግዳ የሚያክል ነገር እንዳታስቡ። ጭን ላይ የሚቀመጥ፣ በኤሌክትሪክም በባትሪ ድንጋይም የሚሠራ፣ ነጭና ጥቁር ቁልፍ የተደረደረበት ፕላስቲክ ነው። ጓድ ደግፌ አዳራሹ ጠረጴዛ ላይ አጋደመውና ቡድኑን ሰብስቦ «ማነው የሚችል?» ሲል ሁሉም ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቀለ። እኔ የኪነት አባል እንኳ አልነበርኩም። የግብርና መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነኝ፤ የቀበሌውን ቃለ ጉባኤ በትርፍ ጊዜዬ ስለምተይብላቸው ወረቀቱን ላደርስ ብቅ ማለቴ ነበር።

«ደብሪቱ!» አለኝ ጓድ ደግፌ፣ የጠፋ ዕቃ እንዳገኘ ሰው። «አንቺ ታይፒስት አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ይሄም ቁልፍ አይደል! ያን ሁሉ ፊደል በአሥር ጣትሽ የምትመቺ ሰው፣ ነጭና ጥቁር ብቻ ያቅትሻል?»

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ታይፕና ሙዚቃ ምን አገናኛቸው?»

«ሁለቱም በጣት ነው!» አለና በጭብጨባ አጸደቀው። ስንቱ ውሳኔ በጭብጨባ ሲጸድቅ ተይቤያለሁ፤ በራሴ ላይ ሲጸድቅ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ውሳኔው ግዴታ ነበረው። ሚያዝያ 23፣ በላብ አደሮች ቀን፣ የአካባቢው የኪነት ቡድኖች ጊንደበረት፣ ካቺሲ ከተማ ላይ ትርዒት ያሳያሉ። የእኛ ቡድን እስከዚያ ኦርጋኑን በወጉ መጫወት ካልቻለ መሣሪያው ተነሥቶ ለጉደር ቡድን ይሰጣል። እኔማ «ዛሬውኑ ውሰዱት» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ግን እስኪ ልንካው ብዬ አንዱን ቁልፍ ተጫንኩ። ታይፕ ሲመቱት ጠቅ ብሎ ዝም ነው። ይሄ ግን ጣቴን እስካነሳ ድረስ ድምፁ አብሮኝ ቆየ። ሁለተኛ ጣት ጨመርኩ፤ ሁለቱ ድምፆች ተቃቅፈው ወጡ። በቃ! ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም፤ ልቤ ቅልጥ አለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እንኳን ጉደር፣ ጓድ ደግፌ ራሱ ቤቱ ይውሰደው ቢሉኝ በሬሳዬ ላይ ነበር የምላቸው።

ከቁልፎቹ በላይ ትናንሽ አዝራሮች አሉ። አንዷን ጫን ሳደርጋት ከውስጥ ከበሮ መምታት ጀመረ። ከበሮ የለ፣ መቺ የለ! የቡድኑ ዋና ተወዛዋዥ ድንቅቱ «በስመ አብ!» ብላ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ኦቦ ጉዩ ግን ወደ ፊት መጡ። ኦቦ ጉዩ የቡድናችን ከበሮ መቺ ናቸው፤ ኪነት የሚባል ነገር ሳይመጣ በፊት በየሠርጉ ቤት ሲመቱ የኖሩ ሰው። ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር አዩ። ማንም የለም።

«ይሄ ነገር ምሳ ይበላል?» ብለው ጠየቁ።

«አይበላም ኦቦ ጉዩ! አይደክመውም፣ አይታመምም፣ ውሎ አበልም አይጠይቅም» አለ ጓድ ደግፌ፤ ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። ወዲያው ደግሞ ለካቺሲ ከበሮ እንደማይወሰድ አሳወቀ፤ ከበሮው ከነመቺው ኦርጋኑ ውስጥ ስላለ የመኪናው ቦታ ለምን ይጣበባል? እኔ ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም፣ በልቤ ግን «እሰይ» አልኩ። መድረኩን የሚጋራኝ ሰው ሲቀንስ ደስ ቢለኝ ይፈረድብኛል?

የምሳ ሰዓቴና ቅዳሜዬ ሁሉ የኦርጋኑ ሆነ። መጀመሪያ ያደረግሁትን ስነግራችሁ እንዳትስቁ፤ ደብዳቤ ተየብኩበት። «ጉዳዩ፦ ማዳበሪያን ይመለከታል» ብዬ ከላይ እስከ ታች። ጣቴ ሌላ ምን ያውቃል? የወጣው ድምፅ ዶሮ ቁልፎቹ ላይ የሄደችባቸው ይመስል ነበር። ግን «ግልባጭ» የሚለው ላይ ስደርስ አንዲት ዜማ ቢጤ ብቅ አለች። ያችን ያዝኳት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

እናቴ ወንጌል አማኝ ናት፤ እኔም ያደግሁት መዘምራን ውስጥ ነው። ኦርጋን ተሰጠኝ ስላት መዝሙር መስሏት እልል አለች። ለኪነት መሆኑን ስትሰማ ግን «እንግዲህ ከታዘዝሽ ጣትሽ ይጨፍር፤ እግርሽን ግን አደራ» አለችኝ።

አውቶቡስ ተራው አጠገብ ራዲዮ የሚጠግን አዱኛ የሚባል ጎረቤት አለን። አዝራሮቹ ላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ ያነበበልኝ እሱ ነው፤ ዋልትዝ፣ ሮክ፣ ሳምባ፣ ታንጎ።

«የዓለም ጭፈራ በሙሉ አለ» አለኝ።

«ረገዳስ?»

እንደገና ፈለገ። ገልብጦ ከሥሩም አየ። «ረገዳ የለም።»

ደሜ ፈላ። የሸዋ ኦሮሞ መሬቱን በእግሩ የሚያንቀጠቅጥበትን ረገዳ የማያውቅ መሣሪያ ይዤ እንዴት ካቺሲ እገባለሁ? ጊንደበረት እኮ ነው! ሳምባ ብጫወትላቸው እስከ አምቦ በድንጋይ ነው የሚሸኙኝ።

«ከሌለ እንሠራዋለን» አለ አዱኛ።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ቴፕ አለው። ዘዴው እንዲህ ነው፤ ለረገዳ እርምጃ የሚቀርበው ዋልትዙ ስለነበረ ፍጥነቱን ጨምረን እሱን ካሴት ላይ ቀዳን። ያን ካሴት እያጫወትን እኔ የሱቁን ጣውላ ወለል በጫማዬ እየደቃሁ፣ ሁለቱን አንድ ላይ በሌላው ቴፕ ቀዳን። ያንን መልሰን እያጫወትን ወፍራሙን ድምፅ ከኦርጋኑ ጨመርኩ። ከዚያ ጭብጨባ። ከዚያ ዋሽንት የሚመስለውን። ከዚያ ደግሞ ሌላ ዋሽንት! አንድ ታይፒስት ብቻዋን ሙሉ ባንድ ስትሆን አስቡት። ከደስታዬ ብዛት ምሳ መብላት ረሳሁ።

ሰባተኛው ቅጂ ላይ ስናዳምጠው ዝናብ ይዘንባል፤ ሽሽሽሽ። በየቅጂው የካሴቱ ሹክሹክታ ተደራርቦ እግሩም ዜማውም ጠፋ።

«ገንፎ አደረግሽው» አለ አዱኛ። «ሁሉም በአንዴ ካወራ ማን ይሰማል? ስብሰባ ነው እንዴ?»

ተናደድኩ፤ ግን እውነቱን ነው። ደብዳቤም ቢሆን በመስመርና በመስመር መሀል ቦታ ካልተውክ አይነበብም፤ ይሄን ለጀማሪ ታይፒስቶች የማስተምረው እኔው ነኝ። ሁሉንም አጥፍተን እንደገና ጀመርን። ዋልትዙን፣ እግሩን፣ ወፍራሙንና ጭብጨባውን ብቻ ካሴቱ ላይ አስቀርቼ ዜማውን መድረክ ላይ ራሴ ልጫወተው ወሰንኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ተሠርቶ ሲያልቅ አዱኛና እኔ እየመላለስን አምስት ጊዜ ሰማነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ንቅንቅ የማይል፣ ሲጀምርም ሲጨርስም እኩል! ለመዘምራን ልጅ ከዚህ በላይ ምን አለ? የኦርጋኑን የፍጥነት ቁልፍ ሰው ነክቶ እንዳያዛባብኝ ከላዩ ፕላስተር ለጠፍኩበት።

ስህተቴ ይኸው ነው። ግን ያኔ ማን ነገረኝ? ረገዳን የማውቀው በአጥር ቀዳዳ ነው፤ አንድ ቀን ገብቼ ረግጬ አላውቅም። የቡድኑም ልጆች ልምምድ ላይ ምንም አላሉም። ቀዝቃዛው አዳራሽ ውስጥ፣ ሲሚንቶ ላይ፣ ጓድ ደግፌ «በዲሲፕሊን!» እያለ ሲቆጣቸው ካሴቱን እንደ ወታደር ተከተሉት።

ኦቦ ጉዩ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሰሙና «ኩን ሉቡ ሂን ቀቡ» አሉ። ነፍስ የለውም ማለታቸው ነው።

«ኦቦ ጉዩ፣ ነፍስ ባይኖረውም አይሳሳትም» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝ፣ ከበሯቸውን አንሥተው ወጡ። ድንቅቱ «ምነው ደብሪቱ፣ አባትሽ እኮ ይሆናሉ» አለችኝ። አፈርኩ። ግን ኩራት ክፉ ነው፤ ተከትዬ ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም።

ሚያዝያ 23 በጠዋት በጭነት መኪና ተሳፍረን ስንነሣ ኦቦ ጉዩ ከነከበሯቸው ከኋላ ተቀምጠው አገኘናቸው።

«ከበሮ አይወሰድም ብዬ አልነበረም?» አለ ጓድ ደግፌ።

«የእህቴ ልጅ ካቺሲ አለች፤ ልጠይቃት ነው።»

«ከበሮውስ?»

«ቤት ብቻውን ይፈራል።»

መኪናው በሳቅ ተናጋ። መንገዱ እንደምታውቁት ነው፤ ከወንበር ይልቅ አየር ላይ ይቆያል ሰው። እኔ ኦርጋኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ተጫወትኩላቸው። አዱኛ፣ ቴፑን ሊያስነሣ አብሮን የመጣው፣ «ካቺሲ መብራት የለም፣ ድንጋዩን ቆጥቢ» ቢለኝ «አንዷን ብቻ» አልኩት። አንዷ አሥር ሆነች። ሰው ሲያጨበጭብ ማን ይቆጥባል?

የካቺሲ ገበያ ሜዳ ጢም ብሏል። ከጊንደበረት ገጠር ሁሉ የመጣ ሕዝብ፣ ፈረሱም ሰዉም ዳር ዳሩን ተሰልፏል። ከአውራጃው የመጣው የባህል ኃላፊ ጓድ ሌታ ከፊት ወንበር ላይ ደብተሩን ዘርግቷል። ከኋላው የጉደር ቡድን ተቀምጦ ዓይኑ ኦርጋኔ ላይ ነው። አንዱማ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ኦርጋኑን መጠቅለያ ጨርቅ ይዞ መጥቷል! ወይ አለማፈር!

ተራችን ደረሰ። አዱኛ ካሴቱን አስነሣ፤ ከመኪናው ባትሪ የተቀጠለው ድምፅ ማጉያ ዱም፣ ዱም ሲል ሕዝቡ «ሆ!» አለ። ልጆቹ ገቡ፣ እኔም ዜማዬን ጀመርኩ። የመጀመሪያው ደቂቃ ገነት ነበር።

ከዚያ ሕዝቡ ሞቀው። ሴቶቹ እልልታውን ለቀቁት፣ ወንዶቹ ከዳር ሆነው በእግራቸው ገቡበት። የጊንደበረት ሰው ረገዳ ሲያይ ዝም ብሎ አያይም። እግሩ እየሞቀው ሲሄድ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ ይሄዳል፤ ረገዳ ማለት ለካስ ይኼው ነው! ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ እግሩ ስለሚያውቀው ግን አፉ ለማንም ነግሮ አያውቅም። ካሴቴ ደግሞ ባለበት ይረግጣል። ዱም። ዱም። የፊተኞቹ ልጆች ካሴቱን ይዘው፣ የኋለኞቹ ሕዝቡን ይዘው፣ ድንቅቱ መሀል ቤት ግራ ገብቷት ስትዞር ከአንዱ ጋር ግንባር ለግንባር ተላተመች። ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ጓድ ሌታ እስክሪብቶውን አነሣ። የጉደሩ ሰውዬ ጨርቁን ዘረጋ።

ዓይኔ ጨለመብኝ። «አጥፋው!» ብዬ አዱኛ ላይ ጮህኩ። ካሴቱ ቆመ። ሳቁም ቆመ። ሦስት ወር ልፋቴ አፈር ሲበላ እያየሁ ቆሜያለሁ፤ እንባዬ መጣ።

ከኋላዬ ከበሮ ተመታ።

ቀስ ብሎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ኦቦ ጉዩ ከመኪናው አጠገብ እየመቱ መጡ። አጠገቤ ቆሙ። አላዩኝም፤ የሚያዩት የሕዝቡን እግር ነው። ያኔ ገባኝ፤ ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን ዓይናቸው እጃቸው ላይ ሆኖ አያውቅም። ዋልትዟን ጫንኩ። የኦርጋኑ ከበሮ ከእሳቸው ቀደመ። ያን ፕላስተር በጥፍሬ ቦጭቄ ጣልኩት፣ በቀኜ ዜማውን፣ በግራዬ የፍጥነት ቁልፉን ያዝኩ።

«ሱታ» አሉኝ፤ ቀስ። ወደ ኋላ መለስኩት። «ሱታ፣ ሱታ። ቀስ በቀስ ነው እንቁላል በእግሩ የሚሄድ።» ልክ እግር ለእግር ስንገናኝ ሰውነቴን ነዘረኝ። ድንቅቱ ግንባሯን እያሸች ተመልሳ ገባች። ሕዝቡ ገባ። ኦቦ ጉዩ አገጫቸውን ወደ ሜዳው ወርወር አድርገው «አማ!» አሉ፤ አሁን! ጨመርኩ። «አማ!» ጨመርኩ። ዓይኔን ከቁልፉ አንሥቼ እግር እግሩን ማየት ጀመርኩ፤ ከዚያ በኋላማ ሳይነግሩኝም አውቀው ጀመር። አንድ የጃፓን ዋልትዝ ካቺሲ ላይ ረገዳ ረገጠ ብላችሁ ማን ያምናችኋል? እኔ ግን ነበርኩ!

አቧራው ፀሐይዋን ሊጋርድ ሲቃረብ ኦርጋኑ ድምፁ ሰለለ። ድንጋዩ! በመንገድ ላይ የጨረስኩት ድንጋይ! አንድ ሁለቴ ጭል ጭል አለና ጭራሹን ድርግም አለ። እኔ አፍሬ የሞቱትን ቁልፎች ዝም ብዬ መጫን ቀጠልኩ። ማንም አላየኝም። ከበሮው አለ፣ እግሩ አለ፣ ሜዳው ሁሉ ይዘላል። ቆይቼ ወደ ታች ባይ የእኔም እግር ይረግጣል። ምን ላድርገው? እናቴን ጣቴ አስፈቅዷት ነበር፤ እግሬ ግን ሳያስፈቅድ ገባ። ኦርጋኑን ለአዱኛ አስታቀፍኩትና ከድንቅቱ አጠገብ ተሰለፍኩ። እንዲህ ያለ ደስታ በአጥር ቀዳዳ አይታይም፤ እኔ ልንገራችሁ።

ሲያልቅ ትንፋሼ ሳይመለስ ጓድ ሌታ ፊት ቀረብኩ። ከምዋሽ ልሞት።

«ጓድ ሌታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ድንጋዩን በመንገድ ጨርሼው ኦርጋኑ መሀል ላይ ቆመብኝ።»

«ቆመ?» አለ። «መቼ?»

«ሰዉ በጣም ሲፈጥን። ከዚያ በኋላ የተመታው ከበሮው ብቻ ነው።»

ወደ ጓድ ደግፌ ዞረ፤ ጓድ ደግፌም ጭፈራው ላይ ስለነበረ አያውቅም። ወደ ጉደር ቡድን ዞረ። ባለጨርቁ ሰውዬ ላቡን በጨርቁ እየጠረገ «እኔ እስከ መጨረሻው ሲጫወት የሰማሁ ነው የሚመስለኝ» አለ። ጓድ ሌታ ሳቀና ደብተሩ ላይ ጻፈ። ተገልብጦ የሚጻፍ ማንበብ ለታይፒስት ሥራዋ ነው፤ «አምቦ ይቆይ» ይላል። ተንበርክኬ መሬቱን ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ኦቦ ጉዩ ጋ ስደርስ ግን ንዴቱ መጣብኝ። መኪናው ጥላ ሥር ተቀምጠው የከበሯቸውን ጠፍር ያጠብቃሉ።

«ሰሙልኝ?» አልኳቸው። «ሦስት ወር ጣቴ እስኪደነዝዝ ለፍቼ፣ መቼ እንደቆመ አንድ ሰው አላወቀም! አንድ!»

ከበሯቸው ላይ ተደፍተው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እኔን በአርባ ዓመት ውስጥ መቼ እንደጀመርኩ አንድ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። እንኳን ደስ አለሽ፣ መቺ ሆንሽ።»

መሬቱ ላይ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። «ያን ቀን ስለተናገርኩት ይቅር ይበሉኝ፣ ኦቦ ጉዩ።»

«የቱን ቀን?» አሉ፤ ረስተውት አልነበረም።

«ያስተምሩኛል?»

ጠፍሩን አጥብቀው ጨረሱ። «ቅዳሜ ጠዋት ቤት ነይ። ኦርጋኑን ለጊዜው ተይው፤ ጫማሽን አውልቀሽ ከእግርሽ እንጀምራለን።»

እሺ አልኳቸው።